አርባ ዓመት የቆየ የቦርዶ ቀይ ወይን፤ አከፋፈቱና አቀማመሱ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1983 ጸደይ የወይን ነጋዴዎችና ሐያስያን እንደ ልማዳቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ወደ ቦርዶ ወርደው፣ ባለፈው ዓመት ተለቅሞ ገና በርሜል ውስጥ ያለውን ወይን ይቀምሱ ነበር። ያ ዓመት፣ 1982፣ ለወይን ገበሬው ደግ ዓመት ነበር። አበባው በመልካም አየር ስለወጣ ዘለላው በዛ፤ በሴፕቴምበር የመጣው ብርቱ ሙቀት ደግሞ ፍሬውን አሳምሮ አበሰለው። ከበርሜሉ የተቀዳው ወይን ለስላሳና አፍ የሚሞላ ሆኖ ተገኘ። ልምድ ካላቸው ቀማሾች አንዳንዶቹ ይህን ልስላሴ ጠረጠሩት። ታላቅ የሚባል ቦርዶ በልጅነቱ ምላስ የሚያደርቅና የሚጎረብጥ መሆን አለበት፤ ከበርሜሉ እንዲህ የሚጣፍጥ ወይን ዕድሜ አይኖረውም ሲሉ ተከራከሩ። ሮበርት ፓርከር የተባለ፣ ሙያው ጥብቅና የነበረ አሜሪካዊ ግን ወይኑን እጅግ አወድሶ ጻፈ። ዝናውም ከዚያ ዓመት ወይን ጋር አብሮ ገነነ።

ያኔ ሁለቱም ወገን የሚናገረው ገና ስላልመጣ ነገር ነበርና ክርክሩን የሚዘጋ ማስረጃ አልነበረም። አሁን ማስረጃው በየጠርሙሱ አለ። ሜዶክ ከተባለው የቦርዶ ክፍል ምርጥ ማሳዎች የወጡትና በደንብ የተያዙት የ1982 ወይኖች ከ40 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ከአነስተኛ ማሳዎች የወጡት ብዙዎቹ ደግሞ ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል። የትኛው ጠርሙስ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከፍቶ መቅመስ የግድ ነው፤ መቅመሱም ዕውቀት ይጠይቃል።

አሮጌ ወይን የሚቀምስ ሰው በሁለት በኩል ሊሳሳት ይችላል። አንዱ ትኩስ የፍሬ ጣዕም ፈልጎ ሲያጣ «ይህማ ሞቷል» ይላል። ሌላው የጠርሙሱን ዓመትና ዋጋ አይቶ፣ በእርግጥ የሞተውን ወይን ሳይቀር ያደንቃል። ሁለቱም ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አልቀመሱም። በሚገባ የበሰለ ወይን የወጣትነቱን ሀብት አውጥቶ በምትኩ ሌላ ሀብት የገዛ ወይን ነው። የቀማሹ ሥራ ምን እንደሄደ አውቆ፣ በቦታው የመጣውን ፈልጎ፣ ልውውጡ አዋጥቶ እንደሆነ መመዘን ነው። ይህ ጽሑፍ አንባቢን ከዚህ ምዘና ጋር ያስተዋውቃል፤ ምሳሌ የምናደርገውም የ1982 የሜዶክ ቀይ ወይን ነው።

ጠጠራማው ምድር

የቦርዶ ከተማ የተቆረቆረችው በጋሮን ወንዝ ዳር ነው። ጋሮን ከከተማዋ በታች ከዶርዶኝ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ይፈጥራል። ወንዙን ተከትለው ወደ ባሕር ሲወርዱ በስተግራ፣ በዢሮንድና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የተዘረጋው ዝቅተኛ ምድር ሜዶክ ይባላል። ማርጎ፣ ሳን ዡሊያን፣ ፖያክና ሳንቴስቴፍ የተባሉት ስመ ጥር ቀበሌዎች በዚህ ዳርቻ ተደርድረዋል።

ሜዶክ የቀድሞ መልኩ ረግረግ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ እየቀደዱ ውኃውን ሲያንጠፈጥፉት፣ ወንዞች ከፒሬኔ ተራሮችና ከመካከለኛው ፈረንሳይ ከፍታዎች በረዥም ዘመናት አግዘው ያከማቹት ጠጠር ለወይን ተከላ ተመቸ። ጠጠር ለእህል የማይሆን መሬት ነው፤ ለወይን ግን ሁለት ውለታ ይውላል። ዝናቡን ቶሎ ስለሚያሳልፍ የተክሉ ሥር በውኃ አይታፈንም፤ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ስለሚያመሽም ፍሬው እንዲበስል ያግዛል።

በዚህ ጠጠር ላይ የሚነግሠው ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዘር ነው። በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ የተደረገ የዘረ መል ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ይህ ወይን ካበርኔ ፍራን የተባለው ቀይና ሶቪኞን ብላን የተባለው ነጭ በተፈጥሮ ተዳቅለው የወለዱት ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ አበሳሰሉ ዘገምተኛ ነው። ለብቻው ሲሆን ደረቅ ስለሚል ለስላሳውና ቶሎ የሚደርሰው ሜርሎ ይቀላቀልበታል፤ ጥቂት ካበርኔ ፍራንና ፔቲ ቬርዶ የሚጨምሩም አሉ። የየዓመቱ ቅልቅል መጠን ይለያያል። ስለዚህ የአንድ ማሳ ስም ብቻውን አይበቃም፣ የመኸሩ ዓመትም አብሮ ይጠራል።

በ1855 ሣልሳዊ አፄ ናፖሌዎን በፓሪስ ላዘጋጁት ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ የቦርዶ ደላሎች የሜዶክን ወይኖች ለረዥም ጊዜ በገበያ ባወጡት ዋጋ መሠረት በአምስት ማዕረግ ደረደሯቸው። በአንደኛው ማዕረግ ላፊት፣ ላቱርና ማርጎ፣ ከሜዶክ ውጭ ደግሞ ኦ ብሪዮን ተቀመጡ። ይህ ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጉልህ ለውጥ የገባበት በ1973 ሲሆን፣ ያኔ ሙቶን ሮትሽልድ ከሁለተኛው ማዕረግ ወደ አንደኛው ከፍ ብሏል። ይኸው ሙቶን በየዓመቱ መለያ ወረቀቱን በታወቀ አርቲስት ያሠራል፤ የ1982ቱን የሠራው የፊልም አዘጋጁ ጆን ሂውስተን ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ የሚካሄደው

በዓለም ከሚመረተው ወይን አብዛኛው በተጨመቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ማቆየት አያሻሽለውም፤ ፍሬያማነቱን ይወስድበትና ምንም አይሰጠውም። ወይን በዕድሜው እንዲያተርፍ ሲወለድ ይዞት የሚመጣ ስንቅ ያስፈልገዋል።

ዋናው ስንቅ ታኒን ነው። ብዙ የፈላ፣ ስኳር ያልገባበት ጥቁር ሻይ ድድና ምላስን የሚያደርቀው በዚሁ ነገር ነው። የቀይ ወይን ጭማቂ ከነቆዳውና ከነዘሩ አብሮ ሲፈላ ታኒኑና ቀለሙ ከቆዳው እየለቀቁ ይገባሉ፤ ከዘሩም ታኒን ይጨመራል። ከዚያ ወይኑ 225 ሊትር በሚይዙ የባሉጥ እንጨት በርሜሎች ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ከእንጨቱም ጥቂት ታኒንና መዓዛ ይቀበላል። ሁለተኛው ስንቅ አሲዱ ነው፤ ወይኑን ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። ሦስተኛው የፍሬው ብዛት ነው፤ ታኒኑ እስኪለዝብ ድረስ ሳያልቅ መቆየት አለበት።

ወይኑ ታሽጎ ሲተኛ የቀለሙና የታኒኑ ቅንጣቶች ቀስ በቀስ ይያያዛሉ። መጀመሪያ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ በዚህ ምክንያት እየከሰመ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ከተያያዙት ቅንጣቶች የገዘፉት በፈሳሹ ውስጥ ሟሙተው መቆየት ስለማይችሉ ዝቃጭ ሆነው ይወርዳሉ። አሮጌ ወይን ሥሩ ላይ አተላ የሚኖረው፣ አፍ ላይም የሚለሰልሰው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚሁ ጊዜ ጠረኑ ይቀየራል። የትኩስ ፍሬ ሽታዎች ይደክማሉ፣ አሲዱና አልኮሉ በዝግታ እየተዋሐዱ አዳዲስ መዓዛዎች ይፈጥራሉ። ዲሜቲል ሰልፋይድ የተባለው የድኝ ውሁድም በዕድሜ እየጨመረ ሄዶ የጫካ አፈርና ትራፍል የሚባለውን የከርሰ ምድር እንጉዳይ ጠረን ለማምጣት ያግዛል።

የአየር ሚና ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1866 ባሳተመው የወይን ጥናት፣ ወይንን የሚያበስለው ኦክስጅን ነው ብሎ አስተምሯል። በኋላ የመጡት የቦርዶ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ዣን ሪቤሮ ጋዮን፣ የበርሜሉንና የጠርሙሱን ጊዜ ለዩ። በርሜል ውስጥ በእርግጥ አየር ይሠራል፤ በደንብ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ግን ብስለቱ የሚካሄደው አየር እጅግ ጥቂት በሆነበት ሁኔታ ነው። ይህ ልዩነት ተግባራዊ ጥቅም አለው። ከ40 ዓመት በኋላ ከአየር ጋር በድንገት የሚገናኝ ወይን ቶሎ ሊደክም እንደሚችል ያስረዳናል።

ጠርሙሱ ያሳለፈው ኑሮ

የ40 ዓመት ወይን ሲገዛ ከስሙ እኩል የሚጠየቀው የት እንደኖረ ነው። ሙቀት በውስጡ ያሉትን ለውጦች ሁሉ ያፋጥናል፤ በሞቃት ክፍል የተቀመጠ ጠርሙስ ሳይበስል ያረጃል። ተስማሚው 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ፣ ብዙም የማይለዋወጥ፣ ጨለማና እርጥበት ያለው ምድር ቤት ነው። ጠርሙሱም ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ይተኛል። የጠርሙሱ መጠንም ልዩነት ያመጣል። ማግነም የሚባለው የ1.5 ሊትር ጠርሙስ ከተለመደው የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይልቅ በዝግታ ይበስላል።

ጠርሙሱ ሳይከፈት ታሪኩን የሚናገርበት ምልክት አለው። ወይን በቡሹ በኩል በዓመታት ብዛት ጥቂት በጥቂት ስለሚተን ከፍታው ይወርዳል። በ40 ዓመት ጠርሙስ ውስጥ ወይኑ እስከ አንገቱ ሥር ወይም እስከ ትከሻው አናት ደርሶ ከተገኘ ደኅና ነው። እስከ ትከሻው መሀል የወረደ ከሆነ ቡሹ ደክሟል፣ አየር ገብቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በመለያ ወረቀቱ ዙሪያ የወረደ የወይን ዱካም የማፍሰስ ምልክት ነው።

ዋጋው ከፍ ባለ መጠን ማጭበርበርም ይከተላል። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ነጋዴ ርካሽ ወይኖችን እየቀላቀለ የታላላቅ ማሳዎችን መለያ እየለጠፈ በመሸጥ በ2013 መጨረሻ በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ፣ በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ገዢ ጠርሙሱ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅ አለበት። ላቱር በ2012 ወይኑን ገና በበርሜል ሳለ የመሸጥን ልማድ ትቶ፣ በራሱ ምድር ቤት አቆይቶ ለመጠጣት ሲደርስ ለማውጣት መወሰኑም ለገዢው ይህን ጥርጣሬ ያቀልለታል።

አከፋፈቱ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከመክፈቻው ቀን አስቀድሞ ነው። ጠርሙሱ ከተኛበት በቀስታ ተነሥቶ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሙሉ፣ ቢቻል ለሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጎኑ የተጋገረው አተላ ወደ ሥሩ እንዲወርድ ነው። አተላው አይጎዳም፤ ነገር ግን መራራና አሸዋማ ስለሆነ የለሰለሰውን ወይን ያበላሸዋል። ከተማ አቋርጦ በመኪና የመጣ ጠርሙስ በዚያው ምሽት ባይከፈት ይመረጣል።

ቡሹ ከአርባ ዓመት በኋላ የላመና ተሰባሪ ነው። በተለመደው ጠመዝማዛ መንቀያ በኃይል ቢጎተት ለሁለት ይበጠሳል። ስለዚህ ብዙዎች በቡሹና በጠርሙሱ አንገት መካከል እያወዛወዙ የሚያስገቡትን፣ ሁለት ስስ የብረት ምላስ ያለውን መንቀያ ይመርጣሉ። ቡሹ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ቢገባም ወይኑ አልተበላሸም፤ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም በማጥለያ ማሳለፍ ይበቃል።

ከዚያ የማጥለል ሥራ ይመጣል። ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ ሻማ ወይም ትንሽ መብራት ይበራል። ወይኑ እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳያቋርጥ፣ በቀጭኑ ወደ ሌላ ንጹሕ የመስተዋት ማንቆርቆሪያ ይገለበጣል። የቦርዶ ጠርሙስ ከፍ ያለ ትከሻ ስላለው አተላው እዚያ ይያዛል። በብርሃኑ ውስጥ ጥቁር ክር ወደ አንገቱ ሲመጣ የታየ እንደሆነ መገልበጡ ይቆማል። ጠርሙሱ ሥር የሚቀረው አንድ ሁለት ጉንጭ ነው፤ ሊያሳሳ አይገባም።

መቼ ይገልበጥ የሚለው ላይ ኤሚል ፔኖ ግልጽ ምክር ትቷል። ፔኖ ከ1912 እስከ 2004 የኖረ፣ የዘመናዊውን የቦርዶ ወይን አሠራር የቀየረ የወይን ሊቅ ነው። እንደ እርሱ አስተያየት ወይን የሚገለበጠው አተላ ካለው ብቻ ነው፤ እርሱም ሊቀርብ ሲል ነው። ወጣት ወይንን ለሰዓታት አየር ማስመታት የሚወድ ሰው ይህን ልማዱን ወደ አሮጌው ካመጣ፣ አራት አሠርት የተጠራቀመውን ስስ መዓዛ ማንም ሳያሸተው ሊያጣው ይችላል።

በዓይን

ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ፣ ቀጭን እግር ያለው መሆን አለበት፤ ጠባቡ አፍ መዓዛውን ያከማቻል። ከሲሶው በላይ አይሞላም። ወይኑ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ከሞቀ አልኮሉ ይጎላል፣ በጣም ከቀዘቀዘ መዓዛው ይታፈናል፤ የቀረውም ታኒን ይጎረብጣል።

ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ወይም የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዘንበል አድርጎ መመልከት ነው። መሀሉ የጋርኔት ድንጋይን የመሰለ ጥልቅ ቀይ፣ ወደ ጠርዙ ሲሄድ የጡብ ቀለም፣ የመጨረሻው ዳር ላይ ብርቱካንማ ከሆነ ወይኑ እንደ ዕድሜው ነው። ከመሀሉ እስከ ጠርዙ ሙሉ በሙሉ ቡናማ የሆነ ወይን አየር አግኝቶታል። ዕድሜው 40 የተባለ ወይን ጠርዙ አሁንም ሐምራዊ ከሆነ ደግሞ መለያ ወረቀቱን መመርመር ያስፈልጋል። ፈሳሹ ጥርት ብሎ ብርሃን የሚመልስ መሆኑም የጤናው ምልክት ነው።

ዓይን ግን አፍንጫን ያስታል። በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ለ54 የወይን ጥናት ተማሪዎች አቅርቦ፣ ተማሪዎቹ ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት እንደገለጹት አሳይቷል። የሠለጠነ ሰው በቀለም ከተመራ፣ በታላቅ ማሳ ስምና በዋጋ የባሰ ይመራል። ስለዚህ ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍኖ መቅዳት፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን አስተያየት ስሙ ሳይታይ መስጠት ትልቅ እገዛ አለው።

በአፍንጫ

የበሰለ ቦርዶ ትልቁ ደስታ መዓዛው ላይ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያነቃንቁ ማሽተት ነው። ለዓመታት የታሸገ ወይን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የታፈነ ክፍል የሚመስል ሽታ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ካለፈ ነውር አይደለም፤ ጥቂት መታገሥ ነው። ከዚያ ብርጭቆውን አንድ ሁለት ጊዜ በቀስታ አዙሮ ደግሞ ማሽተት። ወጣት ወይንን እንደሚያዞሩት በኃይል ማዞር አያስፈልግም።

ምን ይጠበቃል? ካበርኔ በልጅነቱ ብላክከረንት የሚባለውን ጥቁር ትንንሽ ፍሬ ይሸታል። በ1982 ወይን ውስጥ ያ ፍሬ አለ፤ ግን ደርቋል፤ ወደ ዘቢብ፣ ወደ ደረቅ ፕሪም፣ ወደ በለስ ሄዷል። ከሥሩ የደረቀ የትንባሆ ቅጠል፣ ያገለገለ ቆዳ፣ እንጉዳይ፣ ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ይመጣል። በፖያክ ወይኖች ላይ ቀማሾች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ጠረን ደግሞ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጠረን ከቅርብ ያውቀዋል። የአገራችን ጥድ እርሳስ ከሚሠራባቸው እንጨቶች የሚቆጠር ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካም ለዚሁ ሥራ ይቆረጥ ነበር። ጥድ ሲጠረብ ወይም ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ሽታ የሚያስታውስ ሰው የፖያክን ወይን በብርጭቆ ውስጥ ለመለየት የሚረዳው መነሻ አለው።

የሽታ ዝርዝር መቁጠር ውድድር መሆን የለበትም። ስም ያልተገኘለት ሽታም ሽታ ነው። ይልቅ ሦስት ነገር መጠየቅ ይጠቅማል። ፍሬው፣ ደርቆም ቢሆን፣ አሁንም አለ ወይ? በላዩ ላይ ብዙ የተለያየ ጠረን ተደርቧል ወይ? ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለሱበት ተቀይሯል ወይ? የመጀመሪያው መልስ «የለም» ከሆነና የሚሸተው ትንባሆና አፈር ብቻ ከሆነ፣ ልውውጡ አላዋጣም፤ ወይኑ ያወጣውን ያህል አላገኘም። ሦስቱም «አዎን» ከሆኑ ግን ወይኑ ማንም ወጣት ወይን የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።

በአፍ

ትንሽ ጉንጭ ይበቃል። ወይኑን ወዲያው ሳይውጡ በምላስ ላይ ማዘዋወር፣ ከንፈርን ከፈት አድርጎ ጥቂት አየር በላዩ መሳብ ነው። አየሩ መዓዛውን ከአፍ በስተኋላ ወደ አፍንጫ ያወጣዋል፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር በእርግጥ በዚህ መንገድ የሚመጣ ሽታ ነው።

በአፍ ውስጥ የሚመዘነው ሚዛን ነው። ታኒኑ መኖሩ መታወቅ አለበት፤ ሆኖም ድድን አያንቀውም፣ እንደ ጥሩ ሐር ያልፋል። አሲዱ ከዕድሜ ጋር ብዙም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ፍሬው ነው። ስለዚህ ፍሬው ያለቀበት ወይን አሲዱ ብቻውን ጎልቶ ቀጭንና ሹል ሆኖ ይሰማል። ታኒኑ ሳይለዝብ ፍሬው ቀድሞ ያለቀበት ወይን ደግሞ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ወይን ማቆየት አይጠቅመውም። በሚገባ የበሰለው ግን ስኳር የሌለው ሆኖ ሳለ መሀል ምላስ ላይ የጣፋጭነት ስሜት ይሰጣል። ታኒን፣ አሲድና ፍሬ ለየብቻ ሊነጠሉ እስከማይችሉ ድረስ ተዋሕደዋል።

ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ አፍ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ የቦርዶ ቀማሾች በሰከንድ ይቆጥሩታል። መልካም የሆነ የ1982 ፖያክ ከዋጡት በኋላ ረዥም ጊዜ ይቆያል፤ ያም የሚቆየው ጣዕም ደስ የሚል መሆን አለበት። መራራ ሆኖ የሚቆይ ጣዕም ርዝመቱ አይመሰገንም።

ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ መጠበቅ ነው። አሮጌ ወይን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነቃል፣ ይሰፋል፣ አንዳንዱም ይደክማል። ጥቂት ጥቂት እየቀዱ፣ በየመሀሉ አጭር ማስታወሻ እየጻፉ መከታተል፣ ስለ ወይኑ አቅም ከመጀመሪያው ጉንጭ የበለጠ ይነግራል። እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ የቆመ ወይን ገና የቀረው ዕድሜ አለ ማለት ነው።

ብልሽትና እርጅና

አንድ ወይን ደስ ሳይል ሲቀር ምክንያቱን መለየት ተገቢ ነው። የራሰ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸትና ፍሬው የጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የቡሹ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ታነር በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር ትሪክሎሮአኒሶል የተባለው ውሁድ የዚህ ሽታ ምክንያት መሆኑን አረጋግጧል። የሰው አፍንጫ ይህን ነገር በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት የግራም ቢሊዮንኛ ብቻ ሲኖር ይለየዋል። ይህ ሽታ በብርጭቆ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይብሳል፤ ቀደም ብለን ያነሣነው የታፈነ ሽታ ግን ይጠፋል። ሁለቱን የሚለያቸውም ይኸው ነው።

የአቼቶ ሽታ ያለው ወይን ባክቴሪያ ገብቶበታል። ቡናማ ሆኖ የተላጠና የቆየ ፖም የሚሸት ደግሞ አየር በልቶታል። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖርበት ጸጥ ያለ፣ ቀጭን፣ መዓዛው በአሥር ደቂቃ የሚያልፍ ወይን ግን አልተበላሸም፤ ዕድሜው አልቋል። ለዚህ ወይን ሠሪውን መውቀስ አይገባም።

ከምን ጋር?

ስስ መዓዛ ያለው ወይን ቀላል ምግብ ይወዳል። ፖያክ በወይኑ ብቻ ሳይሆን በጠቦት ሥጋው ይታወቃል፤ በጨውና በጥቂት ቅመም የተጠበሰ ጠቦት የቆየ ባልንጀራው ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሚጥሚጣ ያልነካው የበግ ጥብስ ይስማማዋል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ለዚህ ወይን አይሆንም፤ ማቃጠሉ ታኒኑን ያጎረብጠዋል፣ ቅመሙም መዓዛውን ይሸፍነዋል። ጠንካራ ሽታ ያለው አይብም እንዲሁ።

ከየት ይጀመራል?

የ1982 ላቱር ወይም ሙቶን ለአብዛኛው ሰው የማይደረስ ዋጋ አለው። ትምህርቱ ግን በእነርሱ መጀመር የለበትም፤ በማነጻጸር ይጀመራል። በዝዋይ የወይን እርሻ ያለው ካስቴል የተባለው ኩባንያ መሠረቱ ቦርዶ ነው፤ ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ በሚሉ ስሞች የሚያወጣቸው ቀይ ወይኖችም እንደ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ካሉ የቦርዶ ዘሮች ጭምር የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ በወጣትነታቸው የሚጠጡ ናቸው፤ ትኩስ ፍሬና ወጣት ታኒን ምን እንደሚመስል ያስተምራሉ። ከጎናቸው አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት የሆነው፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ የሜዶክ ወይን ቢቀመጥ፣ ሁለቱ ብርጭቆዎች የዕድሜን ሥራ ጎን ለጎን ያሳያሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ላሉ አንባቢዎች እንዲህ ያለውን ወይን ከወይን መደብሮች ማግኘት አይከብዳቸውም። የአንዱን ማሳ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ጎን ለጎን መቅመስ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ትምህርት ነው።

አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስድስት ወይም ለስምንት ሰው ለመቅመስ ይበቃል። ብዙ ሆኖ መቅመስ ትርፉ ወጪ መካፈል ብቻ አይደለም፤ አንዱ ያልለየውን ሽታ ሌላው ይለየዋል፣ አንዱ በመለያው ሲሸነፍ ሌላው ያስተካክለዋል። ከ40 ዓመት በኋላ ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ጠርሙሶች እንኳ አንድ አይሆኑም፤ ቡሻቸው የተለያየ ነውና። የሚሰጠው ፍርድም ለተከፈተው ጠርሙስ ብቻ ነው። ወይኑ ሕያው ከሆነ ምን እንዳተረፈ በግልጽ መናገር፣ ሞቶ ከሆነም፣ ምንም ያህል ዋጋ ቢከፈልበት፣ «ሞቷል» ማለት ያስፈልጋል። ይህን መለየት የቻለ ሰው ቀጣዩን ጠርሙስ መቼ መክፈት እንዳለበትም ያውቃል።